የተወረሰ ደብተር

አባቴ አብዶሽ ድንጋይ ጠራቢ ነበር፣
ደቻቱ ዳርቻ፣ ከኒም ጥላ ሥር።
መዶሻው አንድ ነው፣ ሟቹ ግን ልዩ ልዩ፤
ዐረብኛ፣ ግዕዝ፣ የግሪክ ፊደል፣ ተራ በተራ ከመሮው ሥር ታዩ።
ከሁሉ ያስቸገረው ያ የፈረንጅ ሙት ልሳን፣
ቤቱ ማንም የማይናገረው፣ መቃብር ላይ ብቻ የሚኖር፣ ላቲን።

ሳያውቀው ይቀርጸዋል። ፊደሉ ለሱ ከብት ነው፣
ይሄኛው ቀንዳም፣ ያኛው ሆዳም፣ ያ ደግሞ አንድ እግሩን ያጣው።
ማታ ግን እንቅልፍ የለም። «ምን አልኩት ሰውየውን?
ስድብ ቢሆንስ? በእጄ ጽፌ፣ ማንን ልጠይቅ ትርጉሙን?»

ሲነጋ ሚሲዮን ይሄዳል፣ አባ ዮአኪም ዘንድ፣
በኪሱ የሲሚንቶ ሒሳብ ደብተር፣ ከጆሮው ላይ እርሳስ አንድ።
አባ ይፈቱለታል፤ እሱ ይጽፋል በዝምታ፣
በአሸዋ ዋጋና በኖራ ዕዳ መሐል፣ ባገኘው ባዶ ቦታ።

«ሜሜንቶ ሞሪ፤ ሟች መሆንህን አስታውስ።»
አባቴ ሳቀ፦ «ይኼን ለኔ? ቀኑን ሙሉ በመቃብር ስመላለስ!»
«ፌስቲና ሌንቴ፤ ቀስ ብለህ ፍጠን።»
«እሱስ ባቡራችን ነው፣ እየፎከረ ተነሥቶ ሽንሌ ላይ ፍየል የምትቀድመን።»

«ካርፔ ዲየም» ላይ ሲደርሱ ግን እርሳሱ ቆመ።
«ቀኑን ያዝ... ቀኑን ልቀም... ቀኑን...» የአባ አማርኛ ደከመ።
«ቀንጥስ ማለት ነው?» አለ አባቴ። «እንደ አወዳይ ጫት ለጋውን፣
ረፋድ ላይ ካልቀነጠስከው፣ ማታ ለፍየል የምትጥለውን?»
አባ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንጃ፣ እንጃ ልጄ፣
እኔ ሮም ድረስ ምን ፍለጋ ሄድኩ? መምህሩ ሳለ በደጄ።»

አንዴ ተሳሳተ። የባቡሩ መሐንዲስ፣ የሙሴ ሬሙ ድንጋይ ላይ፣
በሰላም ይረፍ ከሚለው፣ ከ«ፓቼ»፣ አንዲት ፊደል ዘለለ ሳያይ።
መበለቲቱ መጣች። አየች። እሱ አንገቱን ደፋ።
«ኤራሬ ሁማኑም ኤስት» ብላ ሒሳቡን ከፈለች፣ ሳትቆጣ፣ ሳትከፋ።
መሳሳት የሰው ነው ማለቷ ነበር። እሱ ግን እስኪሞት ድረስ፣
ያን መቃብር ባለፈ ቁጥር ሰላም ውስጥ ቀዳዳ ያያል፣ እንደወለቀ የፊት ጥርስ።

የደብተሩ መጨረሻ፣ በትልቁ፣ ሁለቴ አስምሮበት፦
«ቬርባ ቮላንት፣ ስክሪፕታ ማኔንት።»
ቃል ይበርራል፣ ጽሑፍ ይቀራል። ከሥሩም የኛው አባባል፣
በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ደቻቱ በጋውን አሸዋ ነው። ልጅ ኳስ ይለጋበታል፣ ግመል ያልፋል፣
ነጋዴ ሸራ ይወጥራል፤ ወንዝ መሆኑን ሁሉም ይረሳል።
ዝናቡ እኛ ጋ አልነበረም፤ ተራራው ላይ ነው የጣለው።
ሌሊት እንደ ዕቃ ባቡር እየተንጓጓ መጣ፣ ፊሽካ የሌለው፣ ሐዲድ ያልያዘው።
ኒሟን ነቀላት። ስም የሚጠብቁትን ድንጋዮች አንከባለለ።
መሮው ጭቃ ውስጥ ተገኘ። ደብተሩ ግን የለም፣ የለ።

በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ደቻቱ ወረሰው።
ተረቱ አልዋሸም፤ ወራሹን ነው ያልጠቀሰው።

አባቴ ከዚያ ወዲህ የቀረጸው ጥቂት ነው። የሱን ድንጋይ የሠራለት ሌላ፣
ስሙ ብቻ አለበት፤ እኔም ምን ልጨምር? ፊደሎቹን ቆጠርኩ ግን፣ አንድም ሳይጎድል፣ ሙሉ ነው፣ ሞላ።

እኔ ዛሬ ቀፊራ ነኝ። እርጥብ ጆንያ ዘርግቼ ጫት እሸጣለሁ።
ደንበኛ ሲያመነታ፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ «ካርፔ ዲየም!» እላለሁ።
«የየት አገር ጫት ነው ደግሞ?» ይለኛል። «የአብዶሽ ነው፣ ከውሃ የተረፈ።»
አንዲት ለጋ ቀንጥሶ አፉ ውስጥ ይጨምራል፤ ትናንት አንዱ ቃሉን ከቅጠሉ ጋር እያላመጠ አለፈ።